ከወንዙ ማዶ የመለሰው ድምፅ

ወንድሜ የሞተው በሐምሌ ነው፤ ዝናቡ አላባራ ባለበት ሳምንት። ከሰል አክሳይ ነበር። አሟሟቱን ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም። ዝናብ መታው፣ ፍም በቆርቆሮ አድርጎ ወደ ላስቲክ ጎጆው አስገባ፣ የጎጆዋን አፍ ዘጋ፣ ጋደም አለ። ከሰሉ አፈነው። ሥራው ከሰል የሆነ ሰው ይህን አያውቅም ነበር ወይ የሚሉኝ አሉ። ያውቃል። ሁሉም ያውቃሉ። ሲበርዳቸው ግን ሁሉም ያስገባሉ።

ለቅሶ ቤት ሰው የሚያወራው ግን ስለ ፍሙ አልነበረም። ስለ ድምፁ ነበር። ወንድሜ የዚያን ቀን ሲመሻሽ መልሷል ይላሉ። ጎረቤቶቹ በጆሯቸው ሰምተዋል።

ይህን ለማስረዳት ስለ ቦታው ትንሽ መናገር አለብኝ።

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ሲሄዱ ግራና ቀኝ ያለው ዳገት በዲከረንስ ተሸፍኗል። ቶሎ የሚደርስ ዛፍ ነው። ገበሬው እንደ ሰብል በመስመር ይተክለዋል፣ ሲደርስም ቆርጦ ያከስለዋል። ከውጭ ሲያዩት ያምራል። ውስጡ ሲገቡ ግን ሌላ ነው። ዛፉ ሁሉ እኩያ ነው፤ ውፍረቱም ቁመቱም አንድ ነው። ዞር ብለህ ብታይ የመጣህበትና የምትሄድበት አይለይም። ወፍ ብዙም አይጮህበትም። ጉም ሲወርድበት ደግሞ የራስህ እግር ኮቴ ከኋላህ የሚመጣ ይመስልሃል። እኔ ብቻዬን በገባሁ ቁጥር ዞር እል ነበር። ማንም የለም።

መሬቱ የገበሬው ነው እንጂ ቆራጮቹና አክሳዮቹ ብዙዎቹ ቅጥር ናቸው። መጥረቢያና ብርድ ልብስ ይዘው ይመጣሉ፣ አንዱን ማሳ ይጨርሳሉ፣ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። እንጨቱን ይከምሩና በቅጠልና በአፈር ይደፍኑታል፣ በውስጡ ቀስ ብሎ ይበስላል። አፈሩ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀና አየር ከገባ ክምሩ በሙሉ አመድ ይሆናል። ስለዚህ ጥለውት አይሄዱም። ክምሩ ካንዱ አንዱ ይራራቃል፤ አንዱ ሰው ሌላውን አያየውም፣ ጭሱን ብቻ ነው የሚያይ።

ለዚህ ነው ጥሪ ያላቸው። ፀሐይ ስትገባ ከመኪናው መንገድ አጠገብ ያለው አክሳይ “ሆ—ይ” ይላል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ይቀበላል። እንዲህ እያለ ከክምር ወደ ክምር ቁልቁል ይወርድና ወንዙ ጋ ያበቃል። ድምፁ አንድ ቦታ ከተቋረጠ ቅርብ ያለው ሰው ሄዶ ማየት አለበት፤ ዝናብ ቢሆን ጭቃ ቢሆን አይቀርም። ክምር ላይ የወጣን ሰው አፈሩ ይከዳዋል፣ መጥረቢያም ስቶ እግር ይመታል። የታመመም ይኖራል። ሄደው ሲያዩት ተኝቶ ከተገኘ ግን ወዮለት። “ሙሽራው” ይሉታል። ሳምንቱን ሙሉ “ሙሽራው ነቃ ወይ? ሚዜ እንላክለት?” እያሉ ከዳገቱ ላይ ይጮሁበታል። ወንድሜ አንድ ጊዜ ሙሽራ ሆኖ ነበር። እየሳቀ ነገረኝ፤ ግን ከንፈሩ አልሳቀም። ሰው ሲስቅበት አይወድም ነበር።

የወንድሜ ክምር የመጨረሻው ነው፣ ወንዙ ዳር። አብሮት የሚሠራ ባልንጀራ ነበረው፤ ከጫግኒ በታች ከቆላ የመጣ ሰው ነው። ሁሉም “ቆለኛው” ነበር የሚሉት። ብርድ አይችልም። ሹራብ በሹራብ ደርቦ ይሠራና ሲያልበው ይነጫነጫል። አገውኛ አያውቅም። ያሳደጉት ሰዎች ሞተው ነው ከአገሩ የወጣው፤ ይህንን ወንድሜ ነው የነገረኝ፣ እሱ ስለ ራሱ አያወራም። ሁለቱ ስንት ማሳ አብረው እንደዞሩ አላውቅም። ሁለት ሆነው በአንድ ክምር ላይ ለሚሠሩ ሰዎች በጥሪው አንዱ ከመለሰ ይበቃል። ወንድሜ ጥሪውን መጨረሻዋ ላይ ሰበር ያደርጋታል፤ ልጅ ሆኖ የአባታችንን ፈረስ ሲጠራ የለመደው ነው። ቆለኛው ይህንን ለቀልድ ብሎ ቀዳው። በኋላ የትኛቸው እንደሆኑ ሰው መለየት አቃተው።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ እንጅባራ ቤት ተከራይቼ ነበር የምማረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እነሱ እሄድ ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ ዝናብ ጎጆ ውስጥ አስገብቶን፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ስለነገረን አንድ የቆየ ልብ ወለድ ነገርኳቸው። በሩቅ አገር፣ በሰው ከብትና በሰው እርሻ ላይ ተቀጥረው የሚሠሩ ወንዶች ታሪክ ነው። ጥቅልላቸውን ተሸክመው ከእርሻ እርሻ ይዞራሉ። አስተማሪው የነዚህን ሰዎች ብቸኝነት አስረዱ ብሎ አንድ ገጽ አስጽፎን ነበር። እኔ ቤተሰብ ስለሌላቸው ነው ብዬ ጻፍኩ። በቀይ እስክሪብቶ “ይኸው ብቻ?” ብሎ መለሰልኝ።

ወንድሜ ድንች ከፍሙ ውስጥ እያወጣ “ስንት ሆነው ነው የሚያድሩት?” አለኝ።

“ብዙ ናቸው። አንድ ቤት ውስጥ፣ አልጋ በአልጋ።”

“ታዲያ ምኑ ነው ብቸኝነት? እኛ ጋ መጥተው ይዩ እንጂ።”

ቆለኛው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተቀምጦ ነበር። ራሱን ብቅ አድርጎ “ሲመሽ አይጣሩም?” አለ።

መጽሐፉ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም አልኩት።

“እንግዲያስ እሱ ነዋ” አለ።

ወንድሜ ትኩስ ድንች ወረወረበትና ለዚህ ሰውዬ ዲግሪ ይሰጠው ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያ ቀን እንዲህ ነበር። ጎጆዋ ሰፊ ክፍተት ነበራት፤ ጭሱም ይወጣ ነበር።

ወንድሜ በሞተበት ቀን ቆለኛው አብሮት አልነበረም። ጨውና በርበሬ ሊገዛ፣ የሁለቱንም ስልክ ቻርጅ ሊያስደርግ ዳንግላ ወርዶ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጠራ፤ የወንድሜ ቁጥር ነው። አንስቼ “አቤት” አልኩ። የቆለኛው ድምፅ ነበር። ሌላውን መጻፍ አልችልም።

ቀብሩ ላይ ከሰው ኋላ ቆሞ አየሁት። አፈር ተመልሶ ሳያልቅ ሄደ። ለቅሶ ቤት አልመጣም። ሰዎች አሙት። እናቴ ግን የልጄን ልፋት እየጠበቀልኝ ነው አለች፤ ክምሩ ገና አልበሰለም ነበርና።

እናቴ ድምፁን ይዛ ቀረች። ከዚያ የመጣውን አክሳይ ሁሉ አጠገቧ ታስቀምጠውና ሰምተኸዋል ወይ ትላለች። ሰምቻለሁ ይላታል። እንዴት ነበር? መጨረሻው ላይ ሰበር ያለ ነው? አዎ ይላታል። ሲመሽ ከመለሰ እስኪመሽ ደህና ነበር ማለት ነው፤ ራቱን በልቷል፣ ጸሎቱን አድርሷል፣ በእንቅልፉ ነው የሄደው፤ ከሰው ጋር ተሰናብቶ ነው የሄደው። እንዲህ ነበር የምትለው። አላለቀሰችም። ሰው እንዴት ያለች ጠንካራ ናት ይላል። እኔ ግን ፈራኋት። በር በተንኳኳ ቁጥር ጆሮዋን ወደ ውጭ ታደርጋለች። አማርኛዋም ጠፋባት። ድሮ ገበያ ላይ ትገበያይበት ነበር። ከልጇ ሞት በኋላ በአገውኛ ብቻ ሆነች፤ አማርኛ የሚናገር እንግዳ ሲመጣ በመሃል ሆኜ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ከወንድሜ ክምር ከፍ ብለው የሚያከስሉት ሽማግሌ መጡ። አስከሬኑን ከቆለኛው ጋር ያወጡት እሳቸው ናቸው። ሲወጡ ሸኘኋቸው። ደጅ ላይ ክንዴን ያዙኝ።

“ልጄ፣ ለእናትህ ያልነገርኳት ነገር አለ” አሉኝ።

“ምንድን ነው አባባ?”

“ድምፁ ከጎጆው አልመጣም። ከወንዙ ማዶ ነው የመጣ።”

ወንድሜ ማዶ ምን ሊያደርግ ይሄዳል አልኳቸው። ወንዙ ሞልቶ ነበር አሉኝ። ከቀትር በኋላ ከላይ የዘነበው ዝናብ ወርዶ ከብት እንኳ አይሻገረውም ነበር። እሳቸው ጠርተው መልስ ጠበቁ፤ ዝም አለ። ሄደው ሊያዩ መጥረቢያቸውን አንስተው ነበር። ያን ጊዜ ከማዶ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የወንድሜ ድምፅ መለሰ። አማትበው ተቀመጡ። ጠዋት ሬሳውን ሲያነሱት ልብሱ እላዩ ላይ ርጥብ ነበር። ዝናቡ ደግሞ ያን ቀን ከመምሸቱ በፊት ጋብ ብሎ ነበር። እንግዲህ ወደ ጎጆው የገባው ገና በቀን ነው።

“ነፍሱ ስትሻገር ነው የመለሰች” አሉኝ ቀስ ብለው። “ለእናትህ አትንገራት።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው። ወንድሜ ሲመሽ በሕይወት ነበር ወይስ አልነበረም? እናቴ የያዘችው ነገር እውነት ነው ወይስ አይደለም? ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። እሷ ደግሞ ለአርባው ቆለኛውን አምጣልኝ አለችኝ። ከሁሉም ይልቅ ድምፁን የሚያውቀው እሱ ነው፣ አጠገቤ ይቀመጥ አለች። እሱን ይዤ ልመጣ፣ ክምሩንም ላግዘው ሄድኩ።

የደረስኩት በቀን ነው፤ ግን ቀን አይመስልም ነበር። ጉሙ ዛፎቹን ከወገባቸው በላይ ቆርጧቸዋል። የክምሩ ጭስና ጉሙ ተቀላቅለው የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ቆለኛው ጎጆዋን አፍርሶ በሌላ ቦታ በቀርከሃ ሠርቷታል። ውስጧ ሁለት መኝታ አለ። ሁለቱም ላይ ትኩስ ሣር ተጎዝጉዟል። እኔ እንደምመጣ አላወቀም ነበር። ድንች ጠበሰና ሁለት ቦታ ከፈለው፤ እኔን አይቶ ደነገጠና ሦስት ቦታ ከፈለው። ከዚያ እንደገና አይቶት ሁለት ቦታ አደረገው። የወንድሜን ስልክ ከሸሚዙ ኪስ አውጥቶ ሰጠኝ። ቻርጁ ሙሉ ነበር። ከዚያ በኋላም ዳንግላ እየወረደ ቻርጅ ያስደርገው ነበር ማለት ነው።

እናቴ ለአርባው ትጠራሃለች አልኩት። አቀረቀረና አፈር ወደ ክምሩ ስንጥቅ መጠቅጠቅ ቀጠለ።

ሲመሻሽ ጥሪው ከመንገዱ ጋ ተነሳ። ሩቅ ነበር መጀመሪያ። አንዱ ተቀበለ፣ ሌላው ተቀበለ፤ በጉሙ ውስጥ ሰው የማይታይበት ድምፅ እየቀረበ መጣ። የሽማግሌው ደረሰ። ከዚያ የእኛ ተራ ሆነ። ቆለኛው ጀርባውን ሰጥቶኝ ወንዙን እያየ ቆሞ ነበር።

የወንድሜን ድምፅ ሰማሁ። እሱው ነው። መጨረሻው ላይ ሰበር ያለችው ሳትቀር።

ከቆለኛው ነው የወጣው ብል ይቀለኛል፤ ፊቱን ስላላየሁት ከየት እንደወጣ ገላዬ አላመነም። ዳገቱ በሙሉ ፀጥ አለ። ድሮ ላይ ያሉት በጥሪው መጨረሻ ይቀላለዱ ነበር፤ አሁን ግን ማንም አልተናገረም። ሽማግሌው ሲያማትቡ ታየኝ፤ ባላያቸውም አውቃለሁ።

ቆለኛው ዞረ። “ልማድ ነው” አለኝ።

“ያን ቀንም አንተ ነህ?” አልኩት።

ክምሩ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ከዚያ እየቆራረጠ ነገረኝ። ከዳንግላ በማዶው የእግር መንገድ ሲመለስ ወንዙን ሞልቶ አገኘው። ማዶ ቆሞ ክምሩን አየ፤ ጭሱ ደህና ነው፣ ሰማያዊ ሆኗል፤ መብሰል ጀምሯል ማለት ነው። ደስ አለው። ጥሪው ወርዶ ወንድሜ ጋ ሲደርስ ዝም አለ። ተኝቷል ብሎ አሰበ። ሽማግሌው ሊመጡ ነው፣ ነገ ሙሽራው እያሉ ሊያበግኑት ነው። ስለዚህ መለሰለት። በኋላ ሁለቴ በስሙ ጠራው፤ ቀስ ብሎ፣ ላይ ያሉት እንዳይሰሙ። ውሃው እስኪጎድል ዛፍ ሥር ተቀመጠ።

“እንዳይስቁበት ብዬ ነው” አለኝ።

ልመታው ፈልጌ ነበር ይሆናል። አላውቅም። ሽማግሌው መጥተው ቢሆን ወንድሜን በሕይወት ያገኙት ነበር ወይ? ማንም አያውቅም። እኔም አላውቅም፣ እሱም አያውቅም። ይህን ሁለታችንም እያሰብን እንደነበር ግን አውቃለሁ። ከእሱ ሌላ የተናደድኩበት ሰው አልነበረም፤ ወንድሜ በዚህች ምድር ላይ ካገኛቸው ሰዎችም እንደዚህ ሰው የተጨነቀለት አልነበረም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አቃተኝ።

አርባው ላይ አልመጣም አለ። ምን ብዬ ነው ፊታቸውን የማየው አለ። እኔ ግን ትመጣለህ አልኩት። ዝም ትላለህ፣ እኔ ነኝ የማስተረጉመው፣ እሷ የምትሰማው እኔ የምላትን ነው አልኩት። እንደዚህ ነው የወሰንኩት። ድምፁን ከወሰድንባት ምን ይቀራታል?

መጣ። ሸሚዙን አጥቦ፣ አዲስ ጫማ አድርጎ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ሄደ። ከቀትር በኋላ ሦስታችን ብቻ ቀረን። ውጭ ካፊያ ነበር። እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችውና በአገውኛ ጠየቀችው፤ እኔ ወደ አማርኛ መለስኩለት። ማታ ማታ ሲመልስ ድምፁ እንዴት ነበር ትልሃለች አልኩት። በዐይኔም ዝም በል አልኩት።

እኔን አየኝ። ከዚያ እሷን አየ።

“እማማ፣ ያን ቀን የመለስኩት እኔ ነኝ” አለ። “ልጅዎ አይደለም።”

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔም በአገውኛ፣ ድምፁ ብርቱ ነበር ይልሻል፣ ከዳገቱ ሁሉ የእሱ ይሰማ ነበር ይልሻል አልኳት። ብዙ ቃል ተጠቀምኩ። እሱ የተናገረው ግን ትንሽ ነበር። እናቴ ስናገር እኔን አላየችኝም፤ የእሱን ፊት ነበር የምታየው።

“ይህን አይደለም ያለው” አለችኝ።

የካፊያው ድምፅ ቆርቆሮው ላይ ይሰማል። ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ያለውን አንድ በአንድ መለስኩላት፤ የወንዙን መሙላት፣ የጭሱን ቀለም፣ ሙሽራው የሚሉትን፣ ቀስ ብሎ ሁለቴ እንደጠራው። አንዳንዱን ቃል በአገውኛ ማግኘት አቃተኝና ቆምኩ። ጠበቀችኝ።

ስጨርስ ልትጮህ ነው ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ወደ ቆለኛው ዞረችና በዚያ በጠፋባት በገበያ አማርኛዋ፣

“አንተ የት አደርህ?” አለችው።

“ከወንዙ ማዶ እማማ። ዛፍ ሥር።”

“ብቻህን?”

“ብቻዬን።”

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እሱን እያየች ለእኔ በአገውኛ ተናገረች። ከእንግዲህ በማንም ሰው ፋንታ እንዳይመልስ ንገረው አለች። ዝም ያለ ሰው ዝም ይበል፤ ሰው ሄዶ ይየው። ምንም ሳልጨምር ምንም ሳልቀንስ ነገርኩት።

“እሺ እማማ” አለ።

ያን ጊዜ ነው እናቴ ያለቀሰችው። ከሐምሌ ጀምሮ ያላለቀሰችውን። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች፤ ልጄ ብቻውን፣ ልጄ ብቻውን ትላለች፣ አንዴ በአገውኛ አንዴ በአማርኛ። ቆለኛው ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። እጁን ወደ ትከሻዋ ዘረጋና መለሰው። ካፊያው አባርቶ ጎረቤት ልታጽናና እስክትመጣ ድረስ እሱ ከአጠገቧ አልተነሳም፤ እሷም ተነስ አላለችውም።